ኦኩፔሽናል ቴራፒ መማር እፈልጋለሁ፤ ከአሁኑ ምን ላድርግ?

የመንዝ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። 12ኛ ክፍል ነኝ፣ ናቹራል። የምማረው ደብረ ብርሃን ነው። ቤተሰቦቼ መሐል ሜዳ አካባቢ ናቸው፤ እኔ እዚህ ከእህቴ ጋር ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴን የዛሬ ሁለት ዓመት ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗን ያዛት። እዚህ አምጥተናት ብዙ ጊዜ ፊዚዮቴራፒ ተመላለሰች። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ አሁን በምርኩዝ ትሄዳለች። ያየ ሁሉ «ተመስገን፣ ድነዋል እኮ» ይላል። እኔ ግን ለገና ቤት ስሄድ ያየሁት ሌላ ነው። መሶብ ሲቀርብ «በልቻለሁ» ትላለች። ሁሉም ሰው ከተነሣ በኋላ ጓዳ ገብታ ብቻዋን ትበላለች። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ቀኝ እጇ አይጨብጥም፣ በግራ እጇ ከሰው ጋር መብላት ደግሞ ታፍራለች። ፀምር ስትፈትል እንዝርቷ የማያርፍ ሴት ነበረች። አሁን እንዝርቱ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ አቧራ ይጠጣል።

ከዚያ አንድ ቀን ስልኬ ላይ ቪዲዮ አየሁ። አንዲት ባለሙያ ግማሽ ጎኑ የማይታዘዝለትን ሰውዬ በአንድ እጅ ሸሚዝ መልበስ ታስተምረዋለች። ከሥር «ኦኩፔሽናል ቴራፒስት» ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ስለዚህ ነገር ሳነብ አደርኩ። (በነጋታው ፊዚክስ ፈተና ነበረብኝ። አይጠየቅ።)

እዚህ አገር መማር ይቻላል ወይ? ለመግባት ምን ያስፈልጋል? ከፈተናው ሌላ አሁን ልዘጋጅበት የምችለው ነገር ካለ ንገሩኝ። አባቴ «ዶክተር ወይ ነርስ በይ፣ ይሄን ማን ያውቀዋል» ብሎኛል።

ቀልደኛው

ኦኩፔሽን ማለት ሥራ አይደል? ታዲያ ይሄ ሥራ የሚያስቀጥር ሕክምና ነው? ካለ እኔም ታምሜያለሁ፣ መዝግቡኝ። ከተመረቅኩ አራት ዓመቴ።

ፊዚዮው

ቀልደኛው፣ ብታስቀኝም እውነት ብለሃል። ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። እዚያ ላይ «ኦኩፔሽን» የሚባለው የደሞዝ ሥራ አይደለም። ሰው ጊዜውን የሚይዝበት ነገር ሁሉ ነው። መልበስ፣ መታጠብ፣ ማብሰል፣ ማረስ፣ መጫወት፣ ቤተ ክርስቲያን መሳም፣ ለቅሶ መድረስ።

የመንዝ ልጅ፣ እኔ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ልዩነታችንን በአያትሽ ላስረዳሽ። እኔ እሳቸውን ባገኝ የማየው ጡንቻቸውን፣ ሚዛናቸውን፣ አረማመዳቸውን ነው። ከአልጋ ተነሥተው በራቸው ድረስ እንዲሄዱ እለፋለሁ። ኦቲ (ኦኩፔሽናል ቴራፒስት) ደግሞ «በራቸው ከደረሱ በኋላ ምን ሊያደርጉ ነው?» ብሎ ይጀምራል። እጅ ስንት ዲግሪ ተዘረጋ ብቻ አይደለም፤ እጁ ምን ሊይዝ ፈለገ ነው። ሁለቱ ሙያዎች ይደጋገፋሉ፣ አንዱ የአንዱ ታናሽ አይደለም። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ስንቱን በሽተኛ «ድነሃል፣ ሂድ» ብዬ ሸኝቼ ከመሶብ መራቁን ሳላውቅ ቀርቻለሁ። ክፍሌ ውስጥ መሶብ የለማ።

ሙያው አዲስ እንዳይመስልሽ። አሜሪካ ውስጥ ማኅበር ሆኖ የተመሠረተው በ1917 በፈረንጆች ነው፤ መነሻውም የአእምሮ ሕሙማን ነበሩ። ሥራ የፈታ ሰው ይብስበታል፣ እጁ ሥራ ሲይዝ ይሻለዋል ከሚል ሐሳብ ተነሡ። ቀጥሎ ከጦርነት ቆስለው የተመለሱ ወታደሮች መጡ። የዓለም ፌዴሬሽኑ የተቋቋመው በ1952 ነው። ጥቅምት 17 ቀን የሙያው ቀን ሆኖ ይከበራል።

አዎ፣ እዚህ አገር መማር ይቻላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አለ። ዝርዝሩን እዚያ ያለ ሰው ይንገርሽ።

አንድ ነገር ግን አሁኑኑ ለቤተሰብሽ ንገሪልኝ። አያትሽን ከተቀመጡበት ስታነሡ የደከመውን እጅ ይዛችሁ አትጎትቱ። ትከሻው ያንን እጅ የሚይዝበት ጉልበት የለውም፣ ከቦታው ይወጣል። ብዙ ሰው በፍቅር የሚያደርገው ጥፋት ይሄ ነው። ሲለብሱ ደግሞ የታመመው እጅ ቀድሞ ይግባ፣ ሲያወልቁ መጨረሻ ይውጣ።

የመንዝ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አጎቴ ሁልጊዜ በዚያ እጇ ነው የሚያነሣት!! ዛሬውኑ እደውላለሁ።

አዘዞ ማዶ

ጎንደር ኦቲ ነው የማጠናው። እንኳን ደህና መጣሽ፣ ቢያንስ በሐሳብ።

ትምህርት ክፍሉ በአገራችን የመጀመሪያው ነው። ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው የተከፈተው፣ የማስተርካርድ ፋውንዴሽንም ደግፎታል። የዚያ ፋውንዴሽን የነፃ ትምህርት ዕድልም ግቢው ውስጥ አለ። አካል ጉዳት ላለባቸውና አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች ትኩረት ይሰጣል፣ ማስታወቂያውን ተከታተይ።

አገባቡ እንዲህ ነው። ከውጭ አገር ጋር አታምታቺው። እኛ ጋ ድርሰት ጽፈሽ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ይዘሽ አትወዳደሪም። በመጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተናን በናቹራል ታልፊያለሽ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ስትመርጪ ጎንደርን ከላይ ታደርጊያለሽ፤ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ከገባሽ በኋላ ወዲያው ኦቲ አትቀመጪም። ፍሬሽማን፣ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት አለ። ትምህርት ክፍል የምታገኚው በፍሬሽማን ውጤትሽ ተወዳድረሽ ነው። የምደባው መመሪያ በየዓመቱ ስለሚነካካ፣ ስትደርሺ ሬጅስትራር ሄደሽ የዓመትሽን ጠይቂ። የሲኒየር ወሬ ብቻ አትመኚ፣ የእኔንም ጨምሮ።

ሰው የሚሸወደው ፍሬሽማን ላይ ነው። «ኮመን ኮርስ ነው» ብሎ ይተኛል። ጂፒኤው ሲወርድ የፈለገው ትምህርት ክፍል ያመልጠዋል። ላንቺ ደግሞ ሁለቱ ኮርሶች የወደፊት ሙያሽ ናቸው። አንዱ ጄኔራል ሳይኮሎጂ ነው። ሌላው ኢንክሉሲቭነስ፣ ስለ አካል ጉዳትና ስለ አካቶ የሚያወራው። ልጆች ስሙን ሲሰሙ ይስቃሉ፣ ሞጁሉን ለፈተና ማታ ብቻ ይገልጡታል። አንቺ ከልብሽ አንብቢው።

ከዚያ በኋላ አናቶሚ አለ፣ ፊዚዮሎጂ አለ፣ የነርቭ ነገር አለ። አናቶሚ ላይ ብዙ ሰው ያለቅሳል። የእጅ አጥንት ብቻ 27 ነው። ከዚያ ተግባር ልምምድ። የዓለም ፌዴሬሽኑ አንድ ተማሪ ቢያንስ 1000 ሰዓት ልምምድ እንዲሠራ ይጠይቃል። ስለዚህ ክፍል ተቀምጦ ብቻ የሚመረቁበት ትምህርት አይደለም።

እውነት እንናገር

ልጅቷን አታሞኟት። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ተመርቃ የት ትቀጠራለች? እኔ ዞናችን ውስጥ እስካሁን ኦቲ የሚባል ሰው አላጋጠመኝም። ጤና ጣቢያ ሄዳ «ኦቲ ነኝ» ስትል «ኦፒዲ (ተመላላሽ ሕክምና ክፍል) ማለትሽ ነው?» ይሏታል። እዚህ አገር ጤና መኮንን እንኳ ሥራ ፈልጎ ይንከራተታል። አባቷ ልክ ናቸው። ነርሲንግና ሚድዋይፈሪ እዚሁ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፣ አሥራት ወልደየስ የጤና ሳይንስ ካምፓስ አለላት። ከቤቷ ሳትርቅ።

አዘዞ ማዶ

ሥጋትህ ትክክል ነው፣ አልከራከርም። አዲስ ሙያ ነው፣ መደቡ በየሆስፒታሉ ተዘርግቶ የሚጠብቅ አይደለም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስሙን ፈልጎ የሚያገኝ እንዳይመጣ። መጀመሪያ የሚወጡት ተማሪዎች በር የሚያንኳኩ ናቸው። ግን ሰው ስለሌለ ሥራው የለም ማለት አይደለም። የእሷ አያት አሉ አይደል? ሥራው ጓዳ ተቀምጦ ብቻውን እየበላ ነው።

እውነት እንናገር

አነጋገርህ ያምራል። ደሞዝ ግን አይከፍልም።

የሰላም እናት፣ ሸዋ ሮቢት

እኔ ብዙ አልጽፍም፣ የስልክ ፊደል ያስቸግረኛል። ግን ይሄን ሳነብ ዝም ማለት አቃተኝ።

ልጄ ስትወለድ ታፍና ቆይታ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ አሉኝ፣ ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። አሁን ሰባት ዓመቷ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ጭኔ ላይ አስተኝቼ ነው ያበላኋት። ሁልጊዜ ትን ይላት ነበር፣ ደረቷን በተደጋጋሚ ታመመችብኝ። አንድ ቦታ ወስጃት ሐኪሙ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ይሄ አይድንም፣ ለምን ትደክሚያለሽ» ብሎኛል። የት እንደሆነ ይቅር። ያን ቀን ከሐኪሙ ግቢ ወጥቼ መንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ።

በኋላ አዲስ አበባ የዘመድ ቤት ሄጄ አንዲት ባለሙያ አገኘሁ። መድኃኒት አልሰጠችኝም። ወንበር ሥዕል ሣለችልኝ። ወገቧን ቀጥ የሚያደርግ፣ እግሯ መሬት የሚረግጥበት፣ ጎንና ጎኑ የተደገፈ፣ ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ ያለው። ልኳን በክር ለካችልኝ። ሸዋ ሮቢት ተመልሼ ለሰፈራችን አናጢ ሰጠሁት። ከቁርጥራጭ እንጨት ሠራልኝ፣ ስፖንጁን እኔ ሰፋሁት። ልጄ ተቀምጣ መብላት ጀመረች። ትንታው ቀነሰ። አንድ ቀን ማንኪያውን ከእጄ ነጠቀችኝ። ተናዳ መሰለኝ መጀመሪያ፣ ከዚያ ገባኝ።

ማንኪያው ቀጭን ነበር፣ ያመልጣታል። እጀታውን በጨርቅ ጠቅልዬ አወፈርኩት። ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ ከራሴ ነው።

የሴትዮዋን ሙያ ስም እስከ ዛሬ አላውቀውም ነበር። አሁን ከእናንተ ሰማሁ። ልጄ፣ ተማሪው። ደሞዙን እግዚአብሔር ያውቃል።

አዘዞ ማዶ

እማማ፣ የማንኪያውን ነገር እኛ ክፍል ውስጥ በፓወር ፖይንት ተማርነው።

ፊዚዮው

የሰላም እናት፣ ያቺ ሰባት ዓመቷ ነው ካሉ ወንበሩን በየጊዜው ያስለኩት። ልጅ ያድጋል፣ ወንበር አያድግም። እግሯ መንጠልጠል ወይም ጉልበቷ ከዳሌዋ በላይ መውጣት ከጀመረ ጠቧታል ማለት ነው።

ደብረ ሲና ተወልጄ

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። እዚህ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ረዳት ሆኜ አረጋውያን ማቆያ ውስጥ እሠራለሁ፣ ጎን ለጎን ወደ ሙሉ ቴራፒስትነት ለመግባት ነው የምጣጣረው። የመንዝ ልጅ እህቴ፣ ወደፊት ውጭ አገር ካሰብሽ የዚህን አገር መንገድ ላሳይሽ።

አሜሪካ ውስጥ ቴራፒስት ለመሆን የመጀመሪያ ዲግሪ አይበቃም። ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ነው። ረዳት ለመሆን ግን የሁለት ዓመት ኮሌጅ ይበቃል፣ እኔ የያዝኩት እሱን ነው። ማስተርሱ ጋ ስታመለክቺ የመጀመሪያ ዲግሪሽ በማንኛውም ነገር ሊሆን ይችላል። ግን ቀድመሽ የወሰድሻቸውን ኮርሶች ያያሉ፤ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ሁለቱንም ክፍል፣ ስታቲስቲክስ፣ የሰው እድገት ሳይኮሎጂ፣ የአእምሮ ሕመም ሳይኮሎጂ፣ ብዙ ጊዜ ሶሲዮሎጂም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከባለሙያ ጎን ቆመሽ ያየሽበትን ሰዓት አስፈርመሽ እንድታመጪ ይጠይቃሉ። ከትምህርቱ ማብቂያ 24 ሳምንት የሙሉ ጊዜ ልምምድ አለ። ከዚያ የአገር አቀፍ ፈተና፣ ከዚያ የስቴቱ ፈቃድ። ውጭ አገር የተማረ ሰው ፈተናው ላይ ከመቀመጡ በፊት ትምህርቱ ይመረመራል። ስለዚህ ጎንደር ከገባሽ የኮርሶችሽን ዝርዝርና የልምምድ ሰዓትሽን ወረቀት አትጣይ። አንድም ወረቀት።

አሁን የራሴን ሞኝነት ልንገርሽ። የመጀመሪያ ማመልከቻዬ ላይ «ሰው መርዳት እወዳለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሩኅሩኅ ነኝ» ብዬ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ትምህርት ቤቱ አልተቀበለኝም። አንድ ያገሬ ሰው አንብቦ «ይሄን እኮ ነርሱም ቄሱም ፖሊሱም ይጽፈዋል» አለኝ። ልክ ነበር። ሁለተኛ ስጽፍ አንድ ነገር ብቻ ጻፍኩ። ማቆያው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ቁርሳቸውን አይበሉም። «ምግብ አልወደዱም» ተብሎ ተመዝግቧል። ጠጋ ብዬ ሳይ፣ የወተቱን ካርቶን መክፈት አቅቷቸው ነው። ለመጠየቅ ኮርተው ነው። ይሄንን ጻፍኩ። አንቺ ደግሞ ከእኔ የበለጠ አለሽ። «በልቻለሁ» የምትል አያት አለችሽ። ያቺን አረፍተ ነገር አትጣያት።

አንድ ደብተር ግዢ። በየቀኑ ያየሽውን ጻፊ። ሰው ስንት ጊዜ አቃተው ሳይሆን የት ላይ አቃተው ብለሽ።

ፊዚዮው

ደብተሩን እደግፋለሁ። እንዲያውም የቤት ሥራ ልስጥሽ። ኦቲዎች ሥራን መበታተን ይማራሉ። አንድን ሥራ እስከ ጥቃቅኗ ይዘረዝራሉ፣ ከዚያ በሽተኛው የትኛዋ ላይ እንደሚሰናከል ያያሉ። አንቺ ቡና ማፍላትን ዘርዝሪልን። አያትሽን እያሰብሽ።

የመንዝ ልጅ

ሠርቼ መጣሁ። እሑድ እህቴን አስቀምጬ ቡና አስፈላኋት፣ ቀኝ እጇን በሻርፕ አስሬ። ልትገድለኝ ነበር።

በርጩማ ላይ መቀመጥ። (ዝቅ ያለ ነው፣ መነሣቱ ይከብዳል።) ከሰል ማያያዝ፣ ማራገብ። ቡናውን መልቀም፤ ይሄ በአንድ እጅ ይሆናል፣ ይረዝማል እንጂ። ማጠብ፤ ይሄ አልሆነም፣ ማሸት ሁለት እጅ ነው። ብረት ምጣዱን መጣድ። መቁላት፤ እጀታውን የሚይዝ ከሌለ ምጣዱ ይዞራል። መውቀጥ፤ ሙቀጫው ሸሸ፣ ስለዚህ እርጥብ ጨርቅ ሥሩ አደረግንለት፣ ቆመ! ውሃ ጀበናው ውስጥ መጨመር። የተወቀጠውን በጀበናው አንገት መጨመር፤ ግማሹ መሬት ላይ ፈሰሰ፣ ከወረቀት ማንቆርቆሪያ ሠራን። መጣድ፣ ሲገነፍል ማውረድ። ማቶቱ ላይ ማስቀመጥ። ስኒ ማጠብ፤ ሳሕኑ ላይ ዘርግቶ ውሃ ማፍሰስ ይቻላል። መቅዳት። የሚገርመው መቅዳት ድሮም የአንድ እጅ ሥራ ነው! ግን በግራ ሲሆን ረከቦቱን ሞላችው።

በአጠቃላይ 31 ነገር ቆጠርኩ። ቡናው ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። እህቴ «ይሄ ትምህርት ከሆነ እኔ አካውንቲንግ ይሻለኛል» አለች።

ቀልደኛው

ዝርዝርሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሲቆላ ጭሱን ለሰው ማሸተትስ? ምጣዱን ይዘሽ ዞረሽ «ኑ አሽትቱ» የሚባለው? ሸዋ አይደለሽም እንዴ?

የመንዝ ልጅ

ውይ! ረሳሁት።

ፊዚዮው

ቀልደኛው ዛሬ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆነ።

ልብ በይ። የረሳሽው ቡናውን ለማፍላት የማያስፈልገውን ነው። ያለሱም ቡናው ይፈላል። ግን ለአያትሽ ቡናው እሱ ነው። ምጣዱን ይዞ መዞር፣ መመረቅ፣ ማን መጣ ማን ቀረ ማለት። አንድ ባለሙያ ስኒውን ቀላል፣ በርጩማውን ከፍ ያለ አድርጎ ቢሰጣቸውና ያንን ቢረሳው ማሽን አስተካከለ እንጂ ለሰውዬው አልደረሰም። ዝርዝርሽ ግን ጥሩ ነው፣ ከልቤ ነው። እርጥብ ጨርቁ እኛም የምንመክረው ነው። አንድ የጎደለ አለ፤ እሳት። የደከመ እጅ ብዙ ጊዜ ስሜቱም ይደነዝዛል። ከሰሉ በታመመው እጅ በኩል አይሁን። ሲቃጠል አይታወቃቸውም።

ማታ አንባቢ

ሁላችሁም ደብተርና ቡና ትላላችሁ። ልጅቷ ግን መጀመሪያ ማለፍ አለባት። በ2015 ከተፈተነው ተማሪ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ነው። በ2016 ወደ 5.4 ከፍ አለ። በ2017 8.4። እየተሻሻለ ነው፣ ግን አሁንም ከመቶ ዘጠና በላይ ይቀራል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ትምህርት እየተቋረጠ የመጣ የእኛ አካባቢ ተማሪ ደግሞ ከኋላ ነው የሚነሣው።

እኔ አምና ነው ያለፍኩት። ምክሬ አጭር ነው። የ9ኛንና የ10ኛን መጽሐፍ አትናቂ። አፕቲትዩድን ሰው ይንቀዋል፣ በየቀኑ ሃያ ጥያቄ ሥሪ፣ ሰዓት ይዘሽ። ባዮሎጂ ለወደፊት ሙያሽ ነው ብለሽ እሱን ብቻ እንዳትወጂ፣ የሚጥልሽ ፊዚክስ ነው። እኛ የተፈተንነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ገብተን፣ እዚያው አድረን ነው፤ ስልክ አይገባም ነበር። ማንቂያ ያለው ትንሽ ሰዓትና ወፍራም ልብስ ያዢ። የሙቀት አገር ልጆች ሌሊት በብርድ አልተኙም ነበር። አንቺ የመንዝ ልጅ ነሽ፣ ብርዱ ቤትሽ ነው።

ካላለፍሽ ደግሞ ሪሚዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት አለ። ውርደት አይደለም።

እውነት እንናገር

የመጀመሪያው ጠቃሚ አስተያየት።

አንባቢ ከሰላ ድንጋይ

ከርዕስ ልውጣና፣ ለዚህ ሙያ ያማርኛ ስም የለውም? «የሙያ ሕክምና» ሲሉ ሰምቻለሁ፣ አይገባም። ሙያ ሲሉኝ ወጥ ይመስለኛል።

ቀልደኛው

ወጥም አለበት እኮ፣ አልሰማህም?

አዘዞ ማዶ

እኛ «ኦቲ» ብለን ተገላግለናል። እኔ ለቤተሰቤ ሳስረዳ «የዕለት ኑሮ ሕክምና» እላለሁ። እናቴ ለጎረቤት ስታስረዳ ደግሞ «ልጄ ሰው እንዴት እንደሚኖር ነው የሚማረው» ትላለች። ጎረቤቷ «እስካሁን አያውቅም ነበር?» አለቻት።

የመንዝ ልጅ

ይቅርታ ጠፋሁ፣ ኔትወርክ አልነበረም፣ ከዚያ ሞዴል ፈተና ነበር። (ፊዚክስ ተሻሽሏል። ትንሽ።)

ለፋሲካ ቤት ሄድኩ። ደብተሬን ይዤ። አጎቴ አሁን በወገቧ በኩል ነው የሚያነሣት። እርጥብ ጨርቁን፣ ማንቆርቆሪያውን፣ ሁሉንም አዘጋጅቼ ነበር። ስለ መሶቡም አስቤ ነበር፤ ለሷ ብቻ ሳሕን፣ ማንኪያ፣ ምን ምን። ከዚያ የደብረ ሲናዋ እህቴ ስለ ወተቱ ካርቶን የጻፈችው ትዝ አለኝና መጀመሪያ ጠየቅኳት። «እማዬ፣ ከሁሉ የቸገረሽ ምንድን ነው?»

ምን አለች መሰላችሁ? መሶብ አላለችም። እንዝርትም አላለችም። «መቀነቴን» አለች። መቀነቷን የምታስርላት የአጎቴ ሚስት ናት። እሑድ ጠዋት እሷ ላም አልባ እስክትመለስ ቁጭ ብላ ትጠብቃታለች። ቅዳሴ ያመልጣታል። «ለመብሉስ ጓዳዬ አለኝ፤ ቤተ ክርስቲያን በጓዳ አይሄዱም» አለችኝ። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ስለ መሶብ ሳስብ ነበር!

ከጫማ ላይ የሚለጠፈውን ማያያዣ ቆርጬ መቀነቱ ላይ ሰፋሁላት። በአንድ እጇ ሞከረችው፣ ያዘላት። ግን አልወደደችውም። ሲላቀቅ ይጮኻል፣ ጭርርር ይላል። «ቅዳሴ ላይ እንደዚህ ቢልብኝ ዲያቆኑ ዞሮ ያየኛል» አለች። ምን ላድርግ?

ፊዚዮው

ሁለት ወር ያሰብሽበትን ጥለው የራሳቸውን ነገሩሽ። ይሄን ሳይማሩት የሚመረቁ አሉ።

መቀነቱን ዙሪያውን በአንድ እጅ መጠቅለል ከባድ ነው። ራሳቸው እየተሽከረከሩ እንዳይጠቀልሉ ደግሞ አደራ፣ ይወድቃሉ። ተቀምጠው ነው መታጠቅ ያለባቸው። አንድ ዙር ብቻ እንዲሆን ይጠር።

የሰላም እናት፣ ሸዋ ሮቢት

የቀሚስ መንጠቆ። ልብስ ሰፊ ጋ በጥንድ ይሸጣል። ትልቁን ግዢ። ወንዱን በግራ፣ ሴቷን በቀኝ ስፊው፣ በፊት በኩል። ከላይ የመቀነቱን ጫፍ አንጠልጥይበት፣ የታሰረ ይመስላል። ድምፅ የለውም።

የመንዝ ልጅ

አልገባኝም፣ የቀኙ ጫፍ እንዳይንሸራተት ምን ይይዘዋል?

የሰላም እናት፣ ሸዋ ሮቢት

ቀሚሷ ላይ ስፊው። ጎኗ ጋ። ከቀሚሱ ጋር አብሮ ይለበሳል።

የመንዝ ልጅ

እሺ። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ መንጠቆ ገዝቼ በሚሄድ ሰው እልካለሁ። ሁለት ጥንድ፣ አንዱ ቢጠፋ።